የውጫሌ 14ኛው አንቀጽ

የውጫሌ ውል ሲነሣ ወደ አእምሯችሁ ቀድሞ የሚመጣው ቁጥር 17 እንደሚሆን አልጠራጠርም። ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው እርሱን ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል፤ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ ልዩነት ጦርነት መጣ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ እንዲገናኝ የታዘዘው እዚሁ በእኛ አገር፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። የወረኢሉ ልጅ ሁሉ ይህን በኩራት ይናገራል፤ ይገባዋልም።

የዚያው ውል 14ኛ አንቀጽ ምን ይላል ብዬ ስጠይቅ ግን ብዙ ወጣቶች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንቀጹ አጭር ነው። የባሪያ ንግድ ከክርስትና ሃይማኖት ጋር የሚቃረን ስለሆነ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በሙሉ ኃይላቸው እንደሚከለክሉት፣ አንድም የባሪያ ቅፍለት በግዛታቸው እንዳያልፍ እንደሚያደርጉ ቃል የገቡበት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ቃል የተሰጠው በሩቅ አገር አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ በገዛ ወሏችን ነው። ለ17ኛው አንቀጽ አባቶቻችን ከወረኢሉ ተነሥተው አድዋ ድረስ ሄዱ። ለ14ኛው ማን ተነሣ? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከታሪክ ጋር አያይዘን እናያለን፤ ምክንያቱም ቅፍለቱ ዛሬም በደጃችን ያልፋል።

የሲራራው መንገድ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባርነት የሚሸጠው ሰው በአብዛኛው ከደቡብና ከምዕራብ አገሮች የሚመጣ ነበር። አንዱ በጦርነት ይማረካል፣ አንዱ ከብት ሲጠብቅ ይታፈናል፣ አንዷ በረሃብ ዘመን በእህል ትለወጣለች። ከዚያ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፉ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳሉ። ከመንገዶቹ አንዱ ከሸዋና ከወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ ወርዶ፣ በአውሳ አልፎ ታጁራ የሚደርሰው ነበር። በዚያ ዳርቻ ጀልባ ይጠብቃቸዋል፤ ከባሕሩ ማዶ ዐረብ አገር ነው። ከተጋዙት ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ልጆች ነበሩ። ገዢው ይፈልጋቸው የነበረው ለቤት ሥራና ለቁባትነት ስለነበር ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ከባሕሩ ማዶ ባለው ገዢ ላይ መጣል ግን አይቻልም። ቤተ መንግሥቱም፣ መኳንንቱም፣ ባለጸጋውም በቤቱ ባሪያ ነበረው። በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎችም ብዙ ምርኮኛ አምጥተዋል። ንግዱ ሻጭ፣ አሻሻጭ፣ አሳላፊና ገዢ ነበረው፤ ከአራቱ ሦስቱ ከባሕሩ ወዲህ የሚገኙ ነበሩ።

ነገሥታቱም ነገሩ ክፉ መሆኑን አልካዱም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር የታወቀውን የቦጎስ ውል ሲዋዋሉ፣ አብሮ ሌላ ውል ተፈርሟል፤ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ሁለቱ መንግሥታት የሚተባበሩበት ውል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የውጫሌው 14ኛ አንቀጽ መጣ። እንግዲህ ሰውን እንደ ዕቃ ከድንበር ድንበር የሚያሻግሩትን ለመያዝ መንግሥታት ተባብረው መሥራት አለባቸው የሚለው አሳብ ከውጭ በቅርቡ የመጣብን አይደለም። እኛው በማኅተማችን ያጸናነው ነው።

ቀጥሎ የሆነው ግን ያሳዝናል። በ1882 ዓ.ም. ብዙ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተሰብስበው የባሪያ ንግድን የሚከለክል ጠቅላላ ውል ፈረሙ። በዚያ ጉባኤ ኢጣሊያ 17ኛውን አንቀጽ ይዛ፣ በኢትዮጵያ ስም የምናገረው እኔ ነኝ አለች። ለተሸጡት ሰዎች የቆመው ጉባኤ የአንድን አገር ነጻነት መንጠቂያ መድረክ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን በ17ኛው ላይ ቢቀር አያስደንቅም። 14ኛው ግን ተረሳ፤ ቅፍለቱም መውረዱን አላቆመም።

በባሕሩ ዳር የቆመው ቤት

በመንግሥታት ወረቀትና በተሸጠ ልጅ መካከል ያለውን ርቀት ለማየት የሁለት ሰዎችን ታሪክ እንመልከት። ሁለቱም ለእኛ ለወንጌላውያን ክርስቲያኖች ቅርብ ናቸው።

አናሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ታፈነ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ጊዜ ተሽጦ ምጽዋ ደረሰ። በዚያ በ1862 ዓ.ም. ገደማ ሙንዚንገር የተባለው የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰጠው። ሲጠመቅ የወጣለት ስም ከፊልሞና መልእክት የተወሰደ ነው፤ ከባርነት ወጥቶ እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቆጠር ጳውሎስ የለመነለት የዚያ ሰው ስም።

አስቴር ጋኖ ከሊሙ እናርያ አካባቢ ነበረች። ወደ ዐረብ አገር ልትሻገር ስትል በ1878 ዓ.ም. ገደማ የኢጣሊያ መርከብ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ አስጥሎ ወደ ምጽዋ መለሳት። ከምጽዋ አጠገብ ባለችው እምኩሉ ስዊድናውያኑ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ አስቴር እዚያ ገባች። የቋንቋ ስጦታዋን መምህራኖቿ አዩ። የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፣ የሕዝቡን ተረትና ምሳሌ መዘገበች፤ በ1891 ዓ.ም. ታትሞ ለወጣው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ከአናሲሞስ ጋር ደከመች። በኋላም ነቀምት ሄዳ ለረጅም ዘመን አስተማረች። ለመሸጥ በጀልባ የተጫነችው ልጅ ለሕዝቧ የእግዚአብሔርን ቃል ካቀረቡት አንዷ ሆነች።

ሦስተኛውን ታሪክ ብዙዎቻችን አልሰማነውም። በመስከረም 1881 ዓ.ም.፣ ማለትም የውጫሌ ውል ከመፈረሙ ሰባት ወር በፊት፣ ኦስፕሬይ የተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሦስት ጀልባዎችን ያዘ። በውስጣቸው ከ200 የሚበልጡ የኦሮሞ ልጆችና ወጣቶች ተጭነው ነበር። ወደ ኤደን ተወሰዱ። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ በሼክ ዑስማን የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ነበረ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹን ተቀበለ። የኤደን አየር ግን ለደጋ ልጆች አልተስማማቸውም፤ ሞት በዛባቸው። ስለዚህ በ1882 ዓ.ም. 64ቱ በመርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግረው ላቭዴል የተባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። 42ቱ ወንዶች፣ 22ቱ ሴቶች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። እዚያ ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። መምህርት ለመሆን ሠለጠነች፤ በአፓርታይድ ዘመን በሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰረው ታዋቂው የትምህርት ሰው ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ አንድ ነገር ተመልከቱ። ጀልባውን የያዘው መርከብ ነው፤ ይህ የመንግሥታት ሥራ ነው፣ ያለ እርሱም ልጆቹ ዐረብ አገር ይሸጡ ነበር። ነገር ግን መርከቡ ልጅቱን ዳር ላይ አውርዶ ይመለሳል። እናትዋ በሌለችበት፣ ቋንቋዋን የሚሰማ በማይገኝበት ዳርቻ አልጋ፣ እንጀራና ፊደል የሰጣት ሌላ ነው። እምኩሉ፣ ሼክ ዑስማንና ላቭዴል ባይኖሩ ኖሮ ነጻ መውጣቷ ለሌላ ነጋዴ መተላለፊያ በሆነ ነበር።

ከጄኔቫ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ

ከአድዋ በኋላም የባርነት ጉዳይ የአገራችን ስም በዓለም ፊት የሚነሣበት ሆኖ ቀጠለ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ግዴታ ገብታ ነበር። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን አዋጅ አወጡ። በ1919 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታት ማኅበር የባርነትን ስምምነት ጄኔቫ ላይ አጸደቀ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወር ከምክንያቶቿ አንዱ ባሪያዎችን ነጻ ማውጣት የሚል ነበር። እንደ ብራስልሱ ጊዜ ርኅራኄ የሚመስል ቃል ለወረራ ልብስ ሆነ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። ኃያል መንግሥት ስለ ሰብአዊነት ሲናገር ከጀርባው ምን እንዳለ መመርመር ተገቢ ነው። ሌላውም ስላላገጠበት የእኛ ግዴታ አይሰረዝም። ከነጻነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ የሚያስቀር ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ከይስማ ንጉሥ እስከዚህ ቀን 53 ዓመት ሆኗል።

መንገዱ ዛሬ

አሁን ካርታ አውጡና ዛሬ ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ፣ ከከላላ ወይም ከወረኢሉ ተነሥታ ሳዑዲ ለመግባት በድብቅ የምትሄድ ልጅ የምታልፍበትን ተከተሉ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፤ ከዚያ የጅቡቲ በረሃ፣ ታጁራ፣ ኦቦክ፤ ከዚያ ጀልባ፤ ከዚያ የመን። የጥንቱ ሲራራ የወረደበት አቅጣጫ ነው። ግመሉ በአይሱዙ ተተካ፤ ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቻ ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ አጠገብ ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ከሳዑዲ ድንበር ላይም ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን እንደገደሉ አስታውቋል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም።

ልዩነቱንም እንናገር። የዛሬዋ ልጅ በገመድ ታስራ አልተነዳችም፤ በእግሯ ነው የሄደችው። የእናትዋን ጎጆ በቆርቆሮ ለመለወጥ፣ ታናናሾቿን ለማስተማር ነው። ይህ አሳብ የሚያስከብራት እንጂ የሚያስነቅፋት አይደለም። ሕጋችንም ሁለት ነገር ይለያል፤ ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር አንድ ወንጀል ነው፣ በሰው መነገድ ሌላ ወንጀል ነው። ችግሩ በመንገድ ላይ የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መለወጡ ነው። ደላላው አሻግርሻለሁ ብሎ ይጀምራል፤ የመን ሲደርሱ አጋቾች ይቀበሏታል፤ ስልክ ተደውሎ ድምጿ ለወላጆቿ ይሰማል፤ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ በወለድ አገድ ይያዛል፣ ገንዘቡ በሐዋላ ይላካል። በዚያች ሰዓት ልጅቱ ዋጋ የወጣላት ሰው ሆናለች።

በአውሮፕላን የሄደችውም ሁልጊዜ ከአደጋ አታመልጥም። ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቷ ከተያዘ፣ ደመወዟ ከተከለከለ፣ ከተደበደበች፣ ከዚያ ቤት መውጣቷ ራሱ ወንጀል ሊሆንባት ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ የእኛው የወሎ ልጆች ነበሩ።

የዛሬው ውል

የ14ኛው አንቀጽ ልጆች የሆኑ ውሎችና ሕጎች ዛሬ ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት በተለይ በሴቶችና በሕፃናት መነገድን የሚከለክለውን ፕሮቶኮል በ1993 ዓ.ም. አጸደቀ፤ ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. ገባችበት። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ባርነትንና በሰው መነገድን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ያረጋግጣል። በሰው መነገድን የሚመለከት አዋጅ በ2007 ዓ.ም. ወጣ፤ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተካ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር እንዲሆን፣ የቪዛውንና የደርሶ መልስ ጉዞውን ወጪም አሠሪው እንዲችል ደነገገ። ከሳዑዲ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ለተጎዱ መንገደኞች የሚሆን ማዕከል አለው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም በሊቢያ ስደተኞችን በማሰቃየት አዲስ አበባ ላይ የተፈረደበት አንድ አሻጋሪ ለኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ተላልፎ ተሰጥቷል። ይህ የኦስፕሬይ ዓይነት ሥራ ነው፤ ልናመሰግንበትና እንዲበዛ ልንጸልይበት ይገባል።

ነገር ግን መንግሥታት የማይደርሱበት ቦታ አለ። እርሱም የእኛ ቀበሌ፣ የእኛ እድር፣ የእኛ ጉባኤ ነው። በሦስት ነገር ላይ አተኩራለሁ።

አንደኛው ምስክርነት ነው። የ15 ዓመት ልጅ ፓስፖርት እንድታወጣ ዕድሜዋ 20 ተብሎ ሲጻፍ፣ ያ ቁጥር በራሱ አልተጻፈም። አውቃታለሁ ብሎ የመሰከረ ሰው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃናትን የሚጠብቀው ሕግ ሁሉ እርሷን አያውቃትም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ከችሎት ይልቅ በዚህ ዘመን የሚፈተነው በቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ነው። የወንጌል ሰው ነኝ የሚል ሁሉ፣ የለመነው አጎቱ ቢሆን እንኳ፣ እዚህ ላይ እጁን ይሰብስብ።

ሁለተኛው የቤታችን ፍትሕ ነው። ያለ ፈቃዷ ልትዳር የነበረች፣ በትዳር ፈርሶ ከመሬቱም ከከብቱም ባዶ እጇን የወጣች፣ ወንድሟ ሲማር እርሷ እንጨት ስትለቅም የኖረች ልጅ ለደላላ ቀላል ሥራ ናት። ገና አገሯን ሳትለቅ ቤት የላትምና። የሴቶች መብት ከመድረክ የሚነገር መፈክር ሆኖ ከቀረ አይጠቅማትም፤ በሽማግሌ ፊት የንብረት ክፍፍል ሲደረግ ድርሻዋ ሲቆጠር ነው የሚጠቅማት። ከሽማግሌዎቹ መካከል የእኛ ሰዎችም አሉ።

ሦስተኛው ቤቱ ነው። የተመለሰችን ልጅ ምን ይጠብቃታል? ገንዘቧን ያልላከች ተብላ በቤተሰብ ትነቀፋለች፤ ልጅ ይዛ ከመጣች በመንደር ሐሜት ትሞታለች። አዲስ አበባ ላይ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት ለተጎዱ ተመላሾች መጠለያ ከፍተዋል፤ መካነ ሰላም ግን ከዚያ ሩቅ ናት። ለዚህ ትልቅ ሕንጻ አያስፈልግም። አንድ እናት የምታድርባትን ክፍል፣ አንድ ነርስ ጊዜዋን፣ የወጣቶች ኅብረት ደግሞ ሥራ ማስጀመሪያ የሚሆን እቁብ ቢሰጡ የእምኩሉ ጅማሬ ነው። በወሎ ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። እድራችን ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ነው፤ የታገተችው ልጅ ድምፅ በስልክ ሲመጣ የማን ሃይማኖት ናት ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት የለንም።

ከእናንተ መካከል ለመሄድ የወሰነችም ትኖር ይሆናል። እህቴ፣ አልፈርድብሽም። ግን በሕጋዊው መንገድ ሂጂ፤ የኤጀንሲውን ፈቃድ በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አረጋግጪ። ውሉን አንብቢ፤ ቅጂውንና የፓስፖርትሽን ፎቶ ለሁለት ሰዎች ትተሽ ሂጂ። የአሠሪሽን ስምና ከተማ የሚያውቅ ሰው ቤትሽ ይኑር። ቪዛው የአንቺ ዕዳ ነው የሚልሽ ካለ ሕጉን አጣሞብሻል። በድብቅ በኦቦክ በኩል አሻግርሻለሁ ለሚልሽ ግን፣ ዘመድሽም ቢሆን፣ አትከተዪው። ዮሴፍንም ለእስማኤላውያን ነጋዴዎች የሸጡት የገዛ ወንድሞቹ ነበሩ።

ነቢዩ አሞጽ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጢሮስን የሚወቅስበትን ኃጢአት አንብቡ። ምርኮኞችን ሁሉ ለኤዶምያስ አሳልፋ ሰጠች፤ የወንድማማችነትንም ቃል ኪዳን አላሰበችም። እግዚአብሔር በዚያች ከተማ ላይ ያነሣው ክስ ሁለቱንም ይዟል፤ ሰውን ከድንበር ማዶ መሸጥን፣ ውልንም መርሳትን። እኛም የጸና ውል አለን፤ በአምባሰል ተፈርሟል፣ ቁጥሩም 14 ነው። ለ17ኛው ከወረኢሉ የተነሡት ብዙ ቀን ተጉዘዋል። ለ14ኛው የሚነሣ ሰው ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቀበሌው፣ ሽማግሌው ፊትና የራሱ ቤት ይበቁታል።